ይውጣ፣ ግን አይጩኽ

አባቴ ጋዜጣ አያነብም ነበር፤ ያያል እንጂ። ሌላው ሰው ጋዜጣ ሲገዛ «ምን ተጻፈ?» ብሎ ይገልጣል። አባቴ ግን ገጹን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የሚገዛውን ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው ዓይኑን ጠበብ ያደርግና «እዚህ ጋ ታፍኗል» ወይም «እዚህ ጋ አየር አለው» ይላል። የተጻፈው ጦርነት ይሁን ሠርግ ጉዳዩ አልነበረም። ሥራው ገጽ ማቀናበር ነው፤ ጋዜጠኞቹ ከጻፉት የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች፣ በምን ያህል ፊደል፣ በስንት ዓምድ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ላለው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ቦታ ሰጪ ነኝ።»

እኔ ደግሞ የቦታ ሰጪው ዓይን ነበርኩ።

እሁድ እሁድ እናቴ የቁርሱን ዕቃ አንሥታ ጠረጴዛውን ከወለወለች በኋላ፣ አባቴ ገና ያልታተሙ ገጾችን ከቦርሳው አውጥቶ ፊት ለፊቱ ያስቀምጠኛል። አንዱን ገጽ ገለጥ ያደርግልኝና አንዴ ተንፍሼ ሳልጨርስ መልሶ ይደፋዋል። «ምን አየሽ?» እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እዘረዝራለሁ፤ «ኳስ ተጫዋቹን... ከዚያ የጎማውን ማስታወቂያ... ከዚያ ‹ዝናብ› የሚለውን።» እሱ ቀይ እርሳሱን ያነሣና ዓይኔ የሄደበትን መንገድ በገጹ ላይ ያሰምራል፤ ከተጫዋቹ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ዝናቡ። ዓይኔ እንዲህ ከቦታ ቦታ ሲዘል በቀይ መስመር ማየት በጣም ያስቀኝ ነበር።

«ለምን እማማን አታሳያትም?» ብዬው ነበር አንድ ቀን።

«እናትሽ አስተዋይ ናት፤ የተደበቀውንም ፈልጋ ታገኛለች። እኔ የምፈልገው የቸኮለ ሰው ዓይን ነው። አውቶቡስ እየጠበቀ ጋዜጣ የሚያይ ሰው ዓይን። እሱ ያለው አንቺ ጋ ነው፣ የኔ ዓይን!»

ማንበብ ከጀመረች ገና ዓመት ላልሞላት ልጅ ከዚህ በላይ ሹመት የለም። ትምህርት ቤት ሄጄ «አባቴ ጋዜጣ የሚያወጣው እኔን ጠይቆ ነው» ብዬ ጉራዬን ስነዛ፣ ውሸትም አልነበረም።

እየተጫወትን ያስተምረኝ ነበር። መስመር በጣም ከረዘመ ዓይን ወደሚቀጥለው መስመር ሲመለስ ቤቱን ይስታል። መስመሮቹ ከተጣበቁ ሰው ሳያውቀው ይደክመዋል፣ ሲደክመው ደግሞ «ቀልቤ አልወደደውም» ብሎ ያልፋል። ፊደል ካነሰ፣ ረካሽ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ የ‹ኬ› ቀለበት ይደፈንና ከ‹ኪ› ጋር አንድ ይሆናል። በፎቶ ላይ ያለ ሰው ወደ ጽሑፉ ካየ አንባቢም አብሮት ያያል፤ ጀርባውን ከሰጠ አንባቢም ጀርባውን ይሰጣል። ይህን ሁሉ ዛሬ ለራሴ ሠልጣኞች ሳስተምር የምጠቀመው በእሱ ቃል ነው። እኔም አድጌ ቦታ ሰጪ ሆኛለሁና።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከእኛ ቤት ቁልቁል ሲወርዱ ከመታጠፊያው ላይ ነው። ቅንድቡ ከዱቄት ነጽቶ አያውቅም፤ ልጅ ሆኜ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ረጅሙን እንጨት ወደ ምድጃው አፍ ሰዶ ዳቦውን ባወጣ ቁጥር፣ ደንበኛ ኖረም አልኖረም «ትኩስ ነው!» ብሎ ይጣራል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ጋሽ ትኩሱ» ይለው ነበር። እኔ በበሩ ሳልፍ ጫፉ ያረረውን ዳቦ ቆርሶ ይሰጠኝና «ይቺን ለዓይንሽ! ማየትም ጉልበት ይፈልጋል» ይለኛል።

አንድ ቀን፣ ከአጎቴ ዳቦ የሚገዛ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ልጆች ታመሙ። በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። የፊት ገጹን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት፤ ፊደሉ መዳፌን ያህላል። «የተመረዘ ዳቦ ሕፃናትን ጣለ።» ከሥሩ የዳቦ ቤቱ በር በትልቁ ፎቶ ተነሥቷል። ዙሪያውን ነጭ ቦታ ብቻ ነው፤ ዓይን ልሽሽ ቢል እንኳ መሄጃ የለውም። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

«አባባ! እንዴት ያምራል! ምንም አልታፈነም!»

እናቴ ጋዜጣውን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችና ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ተከትሏት ገባ። በሩ ቢዘጋም ድምፃቸው አልተዘጋም።

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ርዕሱን ያወጣው ዋና አዘጋጁ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ቦታ ሰጪ ነኝ።»

«ታዲያ ትንሽ ቦታ ብትሰጠው ምን ነበረበት?»

አባቴ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። የእናቴ ንዴት ግን ግራ ገባኝ። ለወንድሟ ይህን የሚያህል ቦታ ተሰጥቶት ትንሽ ይሁንለት የምትለው ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዳቦ ቤቱ ጭር አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በበሩ ላለማለፍ መንገዱን ይሻገሩ ጀመር። ትኩስ ዳቦ መደርደሪያው ላይ ቀዝቅዞ ያድራል። አጎቴ መጣራቱን አልተወም፤ ድምፁ ግን እየቀነሰ ሄደ።

ቆይቶ የጤና መሥሪያ ቤቱ የምርመራ ውጤት መጣ። ልጆቹን ያሳመማቸው የትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር እንጂ ዳቦው አልነበረም። አጎቴ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ቤታችን መጣ። ይስቃል። «ይኸው! ንጹሕ ነኝ! አሁን ይህችን እንደዚያችው ጻፉልኝ። ስሜን መልሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ።» አባቴ ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» አለው። እናቴ ከዚያ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ ፈገግ ስትል አየሁ።

ዋና አዘጋጁ ክስ ፈርቶ ማረሚያ ለማውጣት ተስማማ። ይህን የሰማሁት አባቴ በስልክ ሲያወራ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ የስልኩን ገመድ በጣቱ እየጠቀለለ፣ «እሺ ጌታዬ... ገብቶኛል... ይውጣ፣ ግን አይጩኽ። ገብቶኛል ጌታዬ» ሲል ሰማሁት። መጮኽ ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የአጎቴ ጉዳይ በጨዋ ደንብ፣ በትሕትና ይውጣ የተባለ መሰለኝና ዋና አዘጋጁን መልካም ሰው አልኩት።

በዚያ እሁድ አባቴ ገጾቹን ሲያወጣ ፊቱ እንደ ወትሮው አልነበረም። የመጀመሪያውን ገለጥ አድርጎ ደፋው።

«ምን አየሽ?»

«የጋሼን! የጋሼን ዳቦ ቤት! ከላይ ነው፣ ‹ማረሚያ› ይላል!» ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ ዘለልኩ።

እሱ ግን አልሳቀም። ከንፈሩን ነክሶ «ሌላስ?» አለኝ። ሌላ ያየሁት ነገር አልነበረም። ጨዋታው ላይ የወደቅኩ መሰለኝ፤ አንድ ነገር ብቻ አይቼ የቀረውን ስለሳትኩ አባቴን ያሳፈርኩት መሰለኝ። አሁን ያን ፊት ሳስታውሰው እፍረት እንደነበረበት አልጠራጠርም። የእሱ እፍረት ግን በእኔ አልነበረም።

ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ በመቀስና በማጣበቂያ ሲታገል ቆየና ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። አሁን የአጎቴ ነገር ወደ ታች ወርዷል፣ ርዕሱም አንሷል። እኔ ግን ‹ዳቦ› የሚለው ቃል ደመቅ ብሎ ስለተጻፈ አገኘሁት። አባቴ «ዳቦ...» እያለ የእርሳሱን ጫፍ አኘከ፤ ተመልሶ ገባ።

ሦስተኛውን ሲያመጣ ፎቶ ላይ ጎረምሳ ጎማ ሲያንከባልል አየሁ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ከገጹ የሚወጣ ይመስላል። ከዚያ የሲኒማ ቤቱን ማስታወቂያ አየሁ። ከዚያ የጨረታ ማስታወቂያዎች፣ ግራጫ ሣጥን በግራጫ ሣጥን ላይ ተደርድረው። «ሌላ?» አለኝ። «ሌላ የለም።» ገጹን መልሶ ገለጠና በጣቱ ከጨረታዎቹ መካከል አንዱን ነካ። «እዚህ ጋስ?» «ምንም። ጨረታ ነው።»

ቀዩን እርሳስ አነሣ። መስመሩ ከጎረምሳው ወደ ሲኒማው ሄደ፣ ያቺን ሣጥን በሩቁ ዞራትና ከገጹ ወጣ። አባቴ መስመሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አንሥቶ ወደ ኮርኒሱ ወረወረኝና ቀለበኝ። «ጎበዝ! የኔ ዓይን!» ሳቄን ለቀቅሁት። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም።

«የጋሼ ነገርስ?» አልኩት መሬት ሲያወርደኝ።

«አለ፣ ገብቷል። ሲወጣ ታዪዋለሽ።»

ሲወጣ አላየሁትም። አጎቴም አላየውም። ጋዜጣውን በብብቱ አድርጎ በጠዋት መጣና «ገለባብጬ ገለባብጬ አጣሁት፤ ዛሬ አይደለም እንዴ?» አለ። አባቴ ገጹን ዘርግቶ ጣቱን በጨረታዎቹ መካከል አሳረፈ። አጎቴ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ቃል በቃል እየቆጠረ አነበበ። ጨርሶ ቀና ሲል ዕንባው በዱቄቱ ላይ መንገድ አውጥቶ ነበር። የአባቴን ትከሻ ሳመ። «ዕድሜ ይስጥህ። ዘመድ ማለት እንዳንተ ነው።»

«ተው እንጂ፣ ምን አደረግኩልህና!» አለ አባቴ።

አጎቴ ያቺን ሣጥን በመቀስ ቆርጦ የዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፋት። ከመንገድ ሲያዩዋት ዝንብ ያረፈበት ወረቀት ትመስላለች። አንዳንድ ሰው ይጠጋል፣ ዓይኑን ያጨናብሳል፣ የመጀመሪያውን መስመር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲመለስ ይጠፋበታል፣ ትቶ ይሄዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከጋዜጣ የወጣውማ ማን ይመልሰዋል? ያም ሆኖ ለአጎቴ የተለጠፈችው ወረቀት ሜዳልያ ነበረች፤ አቧራ ሲያርፍባት በመዳፉ ያብሳታል።

ትምህርት ቤት ልጆች «የመርዙ ዘመድ» እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ ጋዜጣውን ይዤ ሄጄ መምህሬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «ማረሚያ ወጥቷል! አባቴ ነው ያወጣው!» አልኩ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። መምህሬ «የታለ?» አለች። ጣቴን ልሰድ አልኩና አጣሁት። ገጹን ገለበጥኩ፣ መለስኩት፣ እንደገና ገለበጥኩት። ግራጫው ሁሉ አንድ ሆነብኝ። ከኋላዬ ሳቁ ጀመረ፣ ክፍሉን ሞላው። መምህሬ ጋዜጣውን አጣጥፋ በርኅራኄ ሰጠችኝ፤ ያ ርኅራኄዋ ከሳቁ ይበልጥ አንገበገበኝ።

እያለቀስኩ ቤት ስገባ አባቴ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። «ሰው ለማንበብ ሰነፍ ነው ልጄ። እኛ የምንችለውን አድርገናል።» አመንኩት። እንዲህ ብሎ ስላሳመነኝ ለዓመታት ያኮረፍኩት የከተማውን ሰው ሁሉ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ‹አንተ ሰነፍ፣ ትንሽ ብታጎነብስ አጎቴን ታድነው ነበር› እለው ነበር በልቤ።

ዳቦ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት አባቴ የራሱ ቢሮ ተሰጠው፤ በመስታወት የተከለለ፣ በሩ ላይ ‹የገጽ ቅንብር ኃላፊ› ተብሎ የተጻፈበት። ለአጎቴ በዋለው ውለታ የተሸለመ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ምድጃውን ለሌላ ሰው ለቆ፣ ከከተማው ዳር በሰው ዳቦ ቤት ተቀጣሪ ሆነ። «ትኩስ ነው!» ብሎ መጣራት እዚያ አልተፈቀደለትም። እናቴ ከዓመታት በኋላ የሞተችው «አባትሽ ለወንድሜ የቆመ ሰው ነው፤ እንዳትረሺው» ብላኝ ነው።

አጎቴ ዛሬም በየእሁዱ አንድ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአባቴ ያመጣል። «ለባለውለታዬ» ይላል ሲያስቀምጠው። አባቴም ይቆርሳል፤ «ተው እንጂ፣ ምን አደረግኩልህና!»

ባለፈው ወር አባቴን ወደ ሥራ ቦታዬ ጋበዝኩት። ሠልጣኞቼን ያናግርልኝ ብዬ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መዋሉ ከብዶታል። ከረባቱን አስሮ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ልጆቹ ወደዱት፣ እኔም ኮራሁበት። አንዷ ሠልጣኝ እጇን አነሣች። «አንድ ገጽ ለአንባቢ እንደሚመች በምን ያውቁ ነበር?»

«መለኪያ ነበረኝ» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። «ይቺ ናት!» ክፍሉ ሳቀ። የእሁዱን ጨዋታ፣ ቀዩን እርሳስ ነገራቸው። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «ግን ልብ በሉ። ማስነበብን የሚያውቅ አለማስነበብንም ማወቅ አለበት። ሙያ ነው። አንድ ጊዜ ማረሚያ እንድናወጣ ተገደድን። አለቃዬ ‹ይውጣ፣ ግን አይጩኽ› አለኝ። መስመሩን አስረዘምኩት፣ ፊደሉን አሳነስኩት፣ ጀርባውን የሰጠ ጎረምሳ ከላዩ ጫንኩበት፣ ከጨረታ መካከል ሸጎጥኩት። ሁለቴ ያዘችብኝ ይቺ ሸይጣን! በሦስተኛው አለፈችው። እሷ ካለፈችው ከተማው ሁሉ እንደሚያልፈው አወቅሁ።»

«የምን ማረሚያ ነበር?» አለ ሌላው ልጅ።

አባቴ እጁን አወናጨፈ። «የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጉዳይ ነው።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። የአንድ ዳቦ ጋጋሪ! የሚስቱ ወንድም ነው። ትናንት ያመጣለትን ዳቦ ገና በልቶ አልጨረሰም። አባቴ በዚያ መድረክ ላይ ሆኖ በፍቅር ነበር የሚያየኝ፤ ያ ፍቅሩ አንጀቴን አሳረረው። የኮራሁበት ቀን፣ ወደ ኮርኒሱ የተወረወርኩበት፣ ‹የኔ ዓይን› የተባልኩበት፣ ሁሉም በአንድ አፍታ ተወሰደብኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል የምሰማው ስለ ሌላ ሰው አባት ነበር።

መኪና ውስጥ ጠየቅሁት። «ጋሼ መሆኑን ረሳኸው?»

«ወጥቷል አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ያልወጣ አስመሰልሽው። ልጅ ነበረኝ፣ ቤት ነበረኝ። ደግሞስ ወጥቷል እኮ!»

ቤቱ በር ላይ አወረድኩት። ደኅና ዋል እንኳ አላልኩትም።

በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አጎቴ ዳቦውን ከጨርቁ ፈታ፣ «ለባለውለታዬ» አለ። ወገቡ ጎብጧል፣ ዓይኑ ደክሟል፤ ያቺ ቁራጭ ጋዜጣ በፕላስቲክ ተለብጣ ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። አባቴ ቢላውን አነሣ።

«አባባ፣ እስቲ እንደ ድሮው እንጫወት» አልኩት።

ፊቱ በራ፤ ይቅር ያልኩት መሰለው። «ኧረ ዓይኔ ደክሟል ልጄ!»

«የቸኮለ ሰው ዓይን ይበቃኛል።»

ጠቅልዬ ያመጣሁትን ገጽ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሳየሁትና ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። መጠኑ የዚያን ዘመን የፊት ገጽ ነው። ፊደሉም ያኔ መዳፌን ያህል የነበረው ፊደል። «ዳቦው ንጹሕ ነበር።» ከሥሩ የአጎቴ ፎቶ፣ ፊቱን ወደ አንባቢ ያዞረ። ዙሪያው ነጭ።

«ምን አየህ?»

ቢላው ዳቦው ውስጥ እንደገባ ቆመ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ።

«ምንም» አለ።

«ምንም?»

«ምንም አላየሁም።»

አጎቴ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ተንጠራራ። መነጽሩን አላወጣም። «ምን ነካህ? ‹ዳቦው ንጹሕ ነበር› ነው እኮ የሚለው! እኔ እንኳ ከዚህ አነበብኩት!» ብሎ እየሳቀ ገጹን ገለበጠው። ምድጃ ባቃጠለው ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ቆይቶ ሳቁን ተወ። ከኪሱ ያቺን ቁራጭ አወጣና ከትልቁ ገጽ ጎን አስቀመጣት፤ አንዷን ያያል፣ ሌላውን ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ የማያውቀውን ሙያ ባለሙያውን እንደሚጠይቅ ሰው አባቴን ጠየቀው።

«እንዲህ አድርጎ ማውጣትም ይቻል ነበር እንዴ?»

አባቴ እንዳግዘው ወደ እኔ ዞረ። ዳቦውን ከነቢላው ከፊቱ አነሣሁና ወደ አጎቴ መለስኩት። ከዚያ ወንበሬን ስቤ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥኩ፤ መልሱን አብሬው ልሰማ።